የደጋው ደምና አንዱ ሠንጠረዥ

ከአጋርፋ ተነሥቶ በሮቤና በጎባ አድርጎ ሳነቴ የወጣ ተማሪ፣ በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን ትንፋሹ ይነግረዋል። ፊዚክሱ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ደሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የእነ ሲንቲያ ቢል ጥናት በስሜን፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ወንዶች አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ ማለትም እንደ ቆላ ሰው መሆኑን ገለጠ። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ግን በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳየ።

ነገሩ ለወግ ብቻ የሚሆን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2011 ሠንጠረዥ በ3,500 ሜትር ላይ የደም ማነስን ወሰን በ2.7 ግራም ያሳድጋል፤ የወንዶቹ 13 የነበረው 15.7 ይሆናል። በዚህ ስሌት ከስሜን ጤነኛ ወንዶች ግማሽ የሚጠጉት «ደም አንሶሃል» ሊባሉ ነው! ድርጅቱ በ2024 ስሌቱን ቢያድስም ሠንጠረዡ ዛሬም ለሁሉም ደገኛ አንድ ነው።

በእኛ እምነት ለባሌ የሚሆነው መመዘኛ በባሌ ጤነኞች፣ የስሜኑም በስሜን ተለክቶ መውጣት ይገባዋል። የሚጠይቀውም ጥቂት ደም፣ በትክክል የተስተካከለ መለኪያና ከፍታውን በመዝገብ የሚያሰፍር ባለሙያ ነው፤ ሮቤ ላለው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የደጃፍ ሥራ ነው።