ዋንጫ ያነሣ ክለብ ለምን ይዘጋል?

የቻይናው ጂያንግሱ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ አራት ወር ሳይሞላ ተዘጋ። ባለቤቱ የችርቻሮ ነጋዴው ሱኒንግ ገንዘብ ሲያጥረው እጁን ከኳሱ ላይ አነሣ። ስምንት ጊዜ የአገሩ፣ ሁለት ጊዜ የእስያ ሻምፒዮን የሆነው ጓንግዡም የቤት አልሚውን የኤቨርግራንድን ዕዳ ተከትሎ በ2025 ፈረሰ።

ለዚህ የቻይናን ተመልካች ማማት አይገባም፤ ጓንግዡ በደጉ ዘመኑ በአማካይ ከ40 ሺህ በላይ ሰው በስታዲየሙ ያስተናግድ ነበር። ጉድለቱ ክለቡ የባለቤቱ የማስታወቂያ ወጪ ሆኖ መኖሩ ነው። ማስታወቂያ ደግሞ በችግር ቀን ቀድሞ የሚቆረጥ ወጪ ነው።

ጃፓን በ1993 ሊጓን በ10 ክለቦች ስትጀምር የኩባንያ ስም ከክለቦች ስም እንዲወጣ አደረገች፤ ጋዜጣ አሳታሚው ዮሚዩሪ ክፉኛ ቢቃወምም። ኋላም ሦስት ዓመት በተከታታይ የከሰረ ክለብ ፈቃድ እንዳያገኝ ደነገገች። ዛሬ ክለቦቹ 60 ደርሰዋል።

የሳዑዲ ዓረቢያ ጉዳይ ከሁለቱም ይለያል። በ2023 የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ የአል ሂላልን፣ የአል ናስርን፣ የአል ኢትሃድንና የአል አህሊን 75 በመቶ ድርሻ ያዘ። ይህ ገንዘብ እንደ ቤት አልሚው ቶሎ አይነጥፍም። አራት ተፎካካሪዎች ከአንድ ካዝና ሲቀለቡ ግን ለተጫዋች የሚከፈለው ገንዘብ ዋጋ ይሁን ስጦታ መለየት ያስቸግራል፤ ትንሹም ክለብ ከዚያው ገበያ መግዛት አለበት።