ዋንዛው ከየት መጣ?

በጌዴኦ ዞን፣ ዲላ ከተማ፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ የተደረደረ የዋንዛ ጣውላ ከየት እንደመጣ በዓይን አይለይም። አንድ አርሶ አደር ከቡናው በላይ ለዓመታት አሳድጎ፣ ጊዜው ሲደርስ ቆርጦ፣ በቦታው ሌላ ችግኝ ተክሎ የሸጠው ሊሆን ይችላል። ከመንግሥት ደን በሌሊት ተቆርጦ የወጣም ሊሆን ይችላል። ቀለሙ አንድ ነው፤ የሚያወጣው ዋጋም አንድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ተገቢ ነበር። ሆኖም ዛፉን በገዛ ማሳው ያሳደገውን ሰው ከጥርጣሬ የሚያወጣ ነገር አብሮ አልመጣም። በሕግ የሠራው ሰው ከሌባው የሚለይበት ምልክት በእጁ የለም።

ዘላቂ በሆነ መንገድ ለተያዙ ደኖች አገር አቀፍ የማረጋገጫ ሥርዓት ይዘርጋ ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ሰው ነው። ሥርዓቱ ለእሱ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ጌዴኦ ላይ የማይሠራ የደን ምስክር ወረቀት ለኢትዮጵያ አይበጃትም ብዬ የምከራከረውም ለዚህ ነው።

የደን ማረጋገጫ በዓለም ላይ ከሰላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር ነው። ከሪዮ ዴ ጄኔሮው የአካባቢ ጥበቃ ጉባኤ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ኤፍ.ኤስ.ሲ. የሚባለው የደን አስተዳደር ምክር ቤት ተቋቋመ። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ገለልተኛ መርማሪ ደኑን ያያል፤ እንጨቱ ከተቆረጠበት እስከተሸጠበት በማን እጅ እንዳለፈ ይመዘገባል፤ ገዢውም ምልክቱን አይቶ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ፒ.ኢ.ኤፍ.ሲ. የሚባል ሌላ የማረጋገጫ ተቋም መጣ። ከዚህኛው ጀርባ የነበሩት በብዛት ትንንሽ የቤተሰብ ደን ያላቸው አውሮፓውያን ናቸው። ለሰፊ ደን የተጻፈው መስፈርት ለእነሱ ይዞታ ስላልተመቸ ሌላ መንገድ ፈለጉ፦ እያንዳንዱ አገር የራሱን መስፈርት ያወጣል፣ ዓለም አቀፉ ተቋም መዝኖ ይቀበለዋል። ማሌዥያና ጋቦን እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ ሥርዓቶቻቸውን በዚህ መንገድ አስጸድቀዋል። አነስተኛ ይዞታ ያለው ገበሬ መስፈርቱን በልኩ የማስጻፍ መብት አለው የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ከአውሮፓ ገበሬም የተነሳ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ይህንኑ ቢጠይቅ የተለየ ውለታ እንደጠየቀ ሊታይ አይገባም።

ጌዴኦ ምን እንዳለው እናውራ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 847,434 ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል እንዲህ ያለ ጥግግት ካለ ኮረብታው የተራቆተ፣ ወንዙ የደፈረሰ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። ከዲላ በወናጎ አድርጎ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወጣ መንገደኛ ግን የሚያየው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሰሳው፤ ከሥራቸው እንሰቱ፤ ከእንሰቱ መሐል ቡናው፤ ከቡናው ሥር ጎመኑና ቦዬው። ወደ ቡሌ ሲወጣ ቡናው ይቀርና እንሰትና ዛፍ ይበዛል፤ ወደ ዲላ ሲወርድ ፍራፍሬው ይጨመራል። መሰለ ነጋሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በዚህ የስምጥ ሸለቆ ምሥራቃዊ ተዳፋት ላይ ባሉ የጥምር እርሻ ማሳዎች 58 ዓይነት እንጨታማ ተክሎችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህም 86 በመቶው አገር በቀል ናቸው። ታደሰ ኪፔ ካንሼም እ.ኤ.አ. በ2002 ለዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ ይህንኑ የጌዴኦ መሬት አያያዝ የሚመረምር ነበር።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባደረገው ስብሰባ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ደስ ብሎናል፤ ሊለንም ይገባል። የቅርስ ምዝገባ ግን የልጅ ደብተር አይገዛም።

አሠራሩን ከቅርብ ያላየ ሰው ዛፍ ተከልን ብሎ ዝም ማለት ይመስለዋል። ይርጋ ጨፌ ወረዳ ውስጥ አንድ አባት ማሳቸውን አዙረው ሲያሳዩኝ ከዋንዛው ላይ ዝቅ ያለ፣ ቡናውን የሸፈነ ቅርንጫፍ አየሁና “አባባ፣ ይሄን ለምን አይመለምሉትም?” አልኳቸው። “አሁን በጋ አይደል ልጄ? አሁን ብቆርጠው ፀሐዩ ቡናውን ይፈጀዋል። ዝናቡ ሊገባ ሲል እቆርጠዋለሁ፤ ያኔ ቡናው ብርሃን ይፈልጋል” አሉኝ። የሚቆረጠው እንጨት ወደ ምድጃ ይሄዳል፣ ቅጠሉ እንሰቱ ሥር ይቀራል። አረሙም ታጭዶ እዚያው መሬት ላይ ይተዋል እንጂ አይወጣም። ብርብራውን ለምን በዚያ በኩል እንዳበዙት ስጠይቃቸው መሬቱ እዚያ ጋ ደካማ እንደሆነና ቅጠሉ እንደሚያበረታው ነገሩኝ። ብርብራ ናይትሮጅን ወደ አፈር የሚያስገባ ዛፍ መሆኑን እኛ ከመጽሐፍ ተማርነው። እሳቸው ቀድመው በሥራ ላይ አውለውታል። ይህ ሁሉ ዕቅድ፣ ክትትልና ማስተካከያ ያለበት የደን አስተዳደር ነው። በወረቀት ላይ የሰፈረ የደን አስተዳደር ዕቅድ አምጣ የሚል መርማሪ ቢመጣ ግን እኚህ አባት የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም።

ችግሩ የሚጀምረው ደን ምንድን ነው ከሚለው ትርጉም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተቀበለችው ትርጉም መሠረት አንድ ቦታ ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ሲሰፋ፣ ዛፎቹ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲረዝሙ፣ ጥላቸው 20 በመቶ ሲሸፍን ነው። ጌዴኦ ውስጥ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ይዞታ ያለው አባወራ ብዙ ነው። ማሳ በማሳ ከተለካ ትልልቅ ዛፎች የቆሙበት መሬት “ደን አይደለም” ሊባል ነው። አጥሩን ትተን ኮረብታውን በሙሉ ካየነው ግን ከመሥፈርቱ በላይ ነው። መለኪያው ከባለቤቱ አጥር ሲጀምር ደኑ ይጠፋል።

የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ይህን የበለጠ ያወሳስበዋል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ጸድቆ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የተራዘመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አውሮፓ እንዳይገባ ይከለክላል። ሻጩ የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ ማቅረብ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነው አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። ሁሉም ሰው ስለ ነጥቡ እያወራ ነው፤ ሥራውም በእርግጥ ከባድ ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይኸው ደንብ ከዛፍ ሥር ሰብል የሚመረትበትን ጥምር እርሻ ከደን አይቆጥረውም። ይህ ለጌዴኦ ቡና በአንድ በኩል እፎይታ ነው፤ ደን መንጥሮ መጣ አይባልም። በሌላ በኩል ነገ አንዱ ዋንዛውን፣ ብርብራውን፣ እንሰቱን ነቅሎ ማሳውን ባዶ ቢያደርገው፣ በደንቡ ዓይን የተጨፈጨፈ ደን የለም። ብራስልስ የተጻፈው ሕግ ጌዴኦ የያዘውን ሀብት ሲኖርም አያየውም፣ ሲጠፋም አያየውም። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው የራሳችን መስፈርት ብቻ ነው።

የመጥፋቱ ነገር ደግሞ እንዲያው የተፈራ ነገር አይደለም። በቆላው በኩል ጫት እየገባ ነው፤ በደጋው ባሕር ዛፍ። እንሰቱን አጠውልግ ይመታዋል። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ይጠባል። ጫት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ብር ያመጣል፤ ቡና በዓመት አንዴ፤ ዋንዛ ጣውላ እስኪወጣው ልጅ አድጎ ይዳራል። ዛፉን ቆርጦ ጫት የሚተክለውን ወጣት ባህል የማያውቅ ብሎ መውቀስ ለእኔ ግፍ ነው። ጥላው፣ ውሃው፣ ንጹሑ አየር ለሁላችንም ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ብቻ ነው። ዛፉን በማቆየቱ የሚያገኘው ነገር ካልተጨመረ ንግግራችን ከንግግር አያልፍም።

ምስክር ወረቀት ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚሉ በአገራችን የታየ ነገር አለ። ጅማ ዞን በለጠ ጌራ ደን ውስጥ፣ በጃፓኑ ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ፣ የደን ቡና አምራቾች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሬይንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ አግኝተው ነበር። ሪዮ ታካሃሺና ያሱዩኪ ቶዶ የተባሉ ተመራማሪዎች ማረጋገጫ ያለውን የቡና ደን የደን ቡና ከሌለበት ደን ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ማረጋገጫ ያገኘው የመመንጠር ዕድሉ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ልዩነቱ ሁለት የመቶኛ ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ ግን አለ።

የሚበልጠው ጥያቄ ወረቀቱ በማን ስም ይወጣል የሚለው ነው። እኚያው አባት ስለ ማረጋገጫ ሳወራላቸው ረጋ ብለው አዳመጡኝና “ወረቀቱ ማን ቤት ነው የሚቀመጠው?” አሉ። መልሱን የቡናው ገበያ ያውቀዋል። በቡድን በሚሰጥ የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ምስክር ወረቀቱን የሚይዘው እንደየሁኔታው ዩኒየኑ ወይም ላኪው ነው። ገበሬው በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ስም ነው። በ1994 ዓ.ም. በተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ሥር ባለ ማኅበር ውስጥ አባል ከሆነ የትርፍ ክፍፍል ያገኛል። አባል ያልሆነው፣ ወይም ገንዘብ ቸግሮት እሸቱን ለደላላ የሸጠው፣ ማሳው የፈለገውን ያህል ቢያምር ማረጋገጫው ከሚያመጣው ጭማሪ አይደርሰውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር በሚሉት ስሞች ላይ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ ስሞቹ የእሷ መሆናቸውን አስከብራለች። ታላቅ ሥራ ነበር። ያ ክርክር የቡናው ስም የማን ነው የሚል ነበር። የአሁኑ ዛፉን ያቆየው ሰው ማን ነው የሚል ነው፤ መልሱ ከአገር ስም ወርዶ የቀበሌ ነዋሪ ስም ላይ መድረስ አለበት።

ስለዚህ መስፈርቱን የሚያረቁት የኢትዮጵያ ደን ልማት ባለሙያዎችና የደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሰዎች ነገሩን ከተከለለ የመንግሥት ደንና ከባሕር ዛፍ ተክል ብቻ እንዳይጀምሩት እማጸናለሁ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ አራቱንም አውቋል፤ ሕጉ በሩን ከፍቷል። ፒ.ኢ.ኤፍ.ሲ.ም እ.ኤ.አ. በ2018 ባሻሻለው መስፈርት ከደን ውጪ ያሉ፣ በእርሻ መሐል የቆሙ ዛፎች የሚረጋገጡበትን መንገድ አካትቷል፤ ህንድም ተጠቅማበታለች። ከዚህ በኋላ አይቻልም የሚያሰኝ ነገር የለም።

ለጌዴኦ የሚሆነው የማሳ በማሳ ምርመራ አይደለም። ክፍሉ ቀበሌው ወይም አንድ ተዳፋት ቢሆን፣ ምስክር ወረቀቱ የሁሉም ባለ ማሳዎች በጋራ ቢሆን፣ ዝርዝሩም በአደባባይ ቢለጠፍ ይሻላል። ማን ዛፍ አቆየ፣ ማን ያለ አግባብ ቆረጠ የሚለውን ከጂፒኤስ ይልቅ ጎረቤት ያውቀዋል። ጌዴኦ ደግሞ ለዚህ ሶንጎ አለው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩበት ሸንጎ። የመርማሪው ቡድን ሶንጎውን ለፎቶ ሳይሆን ለምስክርነት ቢጠይቅ፣ ቃሉም በመዝገብ ቢሰፍር፣ ከውጭ በውድ የሚመጣውን ምርመራ በብዙ ያቀልለዋል። እርግጥ ነው ሽማግሌም ለዘመዱ ሊያደላ ይችላል፤ ሴቶችና መሬት ያነሳቸው ወጣቶች ድምፃቸው ላይሰማ ይችላል። ለዚህም ነው የውጭ መርማሪ ጨርሶ አይቅር የምለው። ሁለቱ ይተያዩ።

ወጪውን ገበሬው መሸከም የለበትም። ቡናው በዶላር ሲሸጥ ከሚገኘው ላይ ትንሽ ተቆርጣ የምርመራውን ክፍያ መሸፈን ትችላለች፤ የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ሊነጋገርበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ጣውላውም አብሮ ይታሰብ። ማረጋገጫ ባለው ቀበሌ የበቀለ ዋንዛ ሲቆረጥ ግንዱ ላይ ቁጥር ይመታ፣ ቁጥሩ ዲላ እስከሚደርስ ከጣውላው ጋር ይሂድ፤ ኬላው ላይ ገበሬው በልመና ሳይሆን በቁጥሩ ይለፍ።

ሌላ ቢሮክራሲ፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ እጅ መንሻ ልትጨምሩብን ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ፍርሃታቸው ከልምድ የመጣ ስለሆነ አልንቀውም። የወረዳው ቢሮ ብቻውን የሚሰጥና የሚነጥቅ ከሆነ የፈሩት ይደርሳል። ስለዚህ ሰጪው፣ መርማሪውና ተጠቃሚው አንድ እጅ ውስጥ እንዳይገቡ ከመነሻው በሕግ ይለዩ፤ ቅሬታ የሚሰማውም ከሦስቱ ውጪ ይሁን።

ረቂቁ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ለውይይት ከመቅረቡ በፊት ቡሌ፣ ወናጎና ገደብ ላይ በጌዴኡፋ ይነበብ። ጊዜው ደግሞ የቡና ለቀማ ወቅት አይሁን፤ ያኔ ማንም ቤቱ አይገኝም።