ሐዋሳን በመኪና መስኮት አይታችሁ አትጻፉልን



ባለፈው እትማችሁ ስለ ከተማችን የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐይቁ አለ፣ ሪዞርቱ አለ፣ ጀልባው አለ፣ ጉማሬውም አልቀረም። የሐዋሳ ሰው ግን የለም። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩበት ከተማ ሰው እንዳልተፈጠረበት ሆኖ ሲጻፍ ማየት ያማል።

ሐዋሳ የሚታወቀው በእግር ነው። ጸሐፊው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የደረሱት ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እንደሆነ ያስታውቃል፤ በዚያ ሰዓት ያለው ፎቶ የሚነሣ እንግዳ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢመጡ ኖሮ ጀልባዎቹ መረባቸውን ጭነው ሲጠጉ ይደርሱ ነበር። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች ቆሮሶውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ በቢላዋ ጫፍ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ እያወሩ ነው የሚሠሩት፣ እጃቸውን አያዩትም። የተጣለውን አንጀት አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል። ከዚያ ከዓሣ አስጋሪው ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ትኩስ የዓሣ ሾርባ መጠጣት፣ የደፈረም ጥሬውን በዳጣ መቅመስ ነው።

ገበያውም በእግር ነው። ዋሳ፣ ማለትም ቆጮ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው የሚሸጡትን የሲዳማ እናቶች ቆም ብሎ ያነጋገረ እንግዳ ከዚያው ስለሚሠራው ቡርሳሜ ይማራል፤ ቅቤ ጠግቦ በሻፌታ ሸክላ ሲቀርብ ከእርጎ ጋር መብላቱንም አይረሳም። ጽሑፋችሁ ይህን ሁሉ ትቶ የሆቴል ፒዛ አወደሰ።

ይባስ ብሎ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በአንድ መስመር ታልፏል። አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን የሚወስኑለት፣ ሽማግሌዎች ቄጣላ እያዜሙ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ የሚተሙበት በዓል ነው! እዚያም በመኪና አይገባም፤ ከሕዝቡ ጋር ነው የሚሄዱት።

«እንግዳ ጊዜ የለውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ ድረስ ነድቶ የመጣ ሰው አንዲት ሰዓት ለመራመድ ጊዜ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? «ፀሐዩ ይከብዳል» የሚሉም አሉ። ማለዳ ታቦር ተራራ ላይ ይውጡ። ተማሪዎቼን ይዤ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላው የጨለለቃ ረግረግ፣ መሐል ላይ ከተማው ከእንቅልፉ ሲነሣ ይታያል።

ካነሣሁት አይቀር አንድ ልጨምር። ባለፈው ክረምት ከልጅ ልጄ ጋር የሐይቁን ዳር ይዘን ስንሄድ የአንድ ሆቴል ጥበቃ «አባባ፣ በዚህ ማለፍ ክልክል ነው» ብሎ መለሰን። በልጅነቴ የዋኘሁበት ዳርቻ ነው። ልጁ «ሐይቁ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁ። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲገባ ማንም አልከለከለውም፤ እኛ ለምን እንከለከላለን?

ስለ ሐዋሳ ደግማችሁ ስትጽፉ የክፍል ዋጋ ዝርዝሩን ተዉትና ጸሐፊያችሁን ከአሞራ ገደል አስነሥታችሁ የሐይቁን ዳር በእግር አስኪዱት። አጥር ያስቆመው ቦታ ሲደርስ የማን አጥር እንደሆነ ይጠይቅልን።

ጡረተኛ መምህር
ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ