ስለ ጥርስ ሕመምና በሱቅ ስለሚሸጠው መድኃኒት

ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ አስቀድሞ ወደ ሱቅ ጎራ ማለቱ በከተማም በገጠርም የታወቀ ልማድ ነው። ባለ ሱቁም ከስኳሩና ከሳሙናው ጎን ካስቀመጠው ካርቶን ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ አሞክሲሲሊን ቆርጦ ይሰጠዋል። ሕመሙ ጋብ ሲልለት ገዢው ያመሰግናል፤ ሻጩም በጎ እንደ ሠራ ይቆጥረዋል። ነገር ግን የተሸጠው ፍሬ ጥርሱን አላዳነውም።

የጥርስ ሥር ሲመግል በውስጡ ያለው ሥጋ የሞተ ስለ ሆነ ደም አይደርሰውም፤ ደም ካልደረሰውም መድኃኒቱ እንደሚገባ አይደርስበትም። መግሉ ካልወጣ፣ ጥርሱ ካልተነቀለ ወይም ሥሩ ተጠርጎ ካልተሞላ የበሽታው ምንጭ ከስፍራው አይነቃነቅም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የጥርስ ሕክምና በሚገኝበት ስፍራ የሰውነቱ መከላከያ ላልተዳከመ አዋቂ በአብዛኛው የጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ እንዳይታዘዝ የመከረው ስለዚህ ነው። ትኩሳት ሲነሣ ወይም እብጠቱ ወደ ፊትና ወደ አንገት ሲስፋፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ነፍስ ያድናል። የሚያሳዝነውም፣ ለቀላሉ ሕመም ሲባክን የኖረው መድኃኒት በጭንቁ ቀን አልሠራ ማለቱ ነው። ደካሞቹ ተሕዋስያን ሲሞቱ ብርቱዎቹ ተርፈው ይራባሉና፤ በአፍ ውስጥ ከሚኖሩትም መካከል የፔኒሲሊንን ወገን መድኃኒቶች የሚያፈርስ ንጥረ ነገር የሚያመነጩ አሉ።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ስለ ኖቤል ሽልማቱ ባሰማው ንግግር፣ መድኃኒቱን ማንም ሰው ከሱቅ የሚገዛበት ጊዜ ቢመጣ፣ መጠኑን አሳንሶ የሚወስደው ሰው ተሕዋስያኑን ከመድኃኒቱ ጋር እንደሚያላምዳቸው አስጠንቅቆ ነበር። ሱቅ ብሎ መናገሩን ነጋዴዎች ልብ ሊሉት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል።

«እኔ ባልሸጥለት ከጎረቤቴ ይገዛል» የሚል ባለ ሱቅ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ይገዛል። ዳሩ ግን ቅቤ ከባዕድ ነገር ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴም ይህንኑ ይላል፤ ማንም አልማረውም። አስመጪዎችም ካፕሱሉን ሲያዝዙ ማደንዘዣውን፣ የመንቀያውን ጉጠትና የመሙያውን ዕቃ አብረው ቢያስቡ ለአገርም ለንግድም ይበጃል።

ሠራተኛው ጉንጩ አብጦ የመጣ እንደ ሆነም፣ አሠሪው ገንዘብ ሰጥቶ ወደ ሱቅ ከሚልከው ግማሽ ቀን ፈቅዶ ወደ ጥርስ ሐኪም ቢልከው ይሻላል፤ ጥርስ በአንድ ጠዋት ይነቀላል።