አያት የተኙበትን አልጋ ለቆራሌ ሸጦ ፈረንሳይ መሆን የለም

አትላስ አካባቢ አዲስ ቤት የገባ ወዳጅ ካላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ለቡና ትጠራላችሁ፣ ጫማችሁን በር ላይ ታወልቃላችሁ፣ ከዚያ ጉብኝቱ ይጀመራል። «ይሄ ሳሎን ነው፣ ይሄ ኪችን፣ ይሄ የልጆቹ ክፍል…» እየተባለ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ይደረሳል። እዚህ ጋ አስጎብኚያችን ድምጿን ዝቅ ታደርግና ቁልፍ ትፈልጋለች (አዎ፣ ክፍሉ ይቆለፋል)። በሩ ሲከፈት ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ራስጌው እንደ ሠርግ ኬክ የተጠማዘዘ፣ ጠርዙ ወርቅ ወርቅ የሚል አልጋ ጉብ ብሏል። ግራና ቀኝ ኮመዲኖ፣ ከላይ ብልጭልጭ መብራት፣ ስድስት ትራስ። «የእንግዳ መኝታ ነው። ፍሬንች ስታይል ነው ያደረግነው፣ ሮማንቲክ እንዲሆን» ትላለች። እኛም «ውይ ሲያምር!» እንላለን። ፍራሹ ገና ከነላስቲኩ ነው። እንግዳ ተኝቶበት አያውቅም።

ከወዲሁ እንነጋገር፤ እኛ የሮማንስ ጠላቶች አይደለንም። ሰው በላቡ ባገኘው ገንዘብ መኝታ ቤቱን እንደ ቬርሳይ ቢያደርገው ምን አገባን? ይሄንን የምንጽፈው ከመካከላችን አንዷ እዚያው አትላስ በተከራየችው ቤት ትርፍ ክፍሏን «ፍሬንች» ለማድረግ ቆርጣ ስትነሳ ሁላችንም ተጎትተን ስለገባንበት፣ ገብተንም አንድ ሁለት ነገር አይተን ስለወጣን ነው። ስሟን አንጠራም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ የሚያኮራት አይደለም።

መጀመሪያ ይሄ ፍሬንች የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ጠመዝማዛ እግር ያለው ወንበርና አልጋ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሉዊ 15ኛ ዘመን ጋር የተያያዘ የቤተ መንግሥት ፋሽን ነው። እረኛና ዛፍ፣ ፍቅረኛሞችና ዥዋዥዌ በአንድ ቀለም የታተመበት የጥጥ ጨርቅ ደግሞ ዡዊ ከምትባል የፓሪስ አቅራቢያ መንደር የወጣ ነው፤ ኦበርካምፍ የሚባል ሰው ፋብሪካውን የከፈተው በ1760 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን በየመጽሔቱ አይተን ልባችን የሚሸፍትበት ክፍል የንጉሥ ክፍል አይደለም። የገጠር ቤት ነው። አልጋው የአያት ነው፣ ቁም ሳጥኑ ቀለሙ ተላልጧል፣ ወንበሩ ከሌላ ቤት የተረፈ ብቸኛ ነው፣ መስታወቱ ጥቁር ጥቁር ነጥብ አውጥቷል። ውበቱ ያለው ዕቃዎቹ አብረው ያልተገዙ መሆናቸው ላይ ነው። ከዱባይ በአንድ ኮንቴይነር «ሙሉ ሴት» ሆኖ የመጣ መኝታ ቤት ምንም ይሁን ምን ያ ነገር ሊሆን አይችልም።

ዕቃዎቹስ ከየት ይመጡ ነበር? እዚህ ላይ ታሪኩ ይጥማል። በድሮዋ ፓሪስ በየመንገዱ የተጣለውን እየለቀሙ፣ እየለዩ፣ እየሸጡ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ጨርቅ ለቃሚዎች ይባላሉ። በ1883 እ.ኤ.አ. የከተማዋ አስተዳዳሪ ኡዤን ፑቤል ባለቤቶች ለየቤቱ ቆሻሻ መያዣ እንዲያስቀምጡ አዘዘ። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ የቆሻሻ በርሜልን «ፑቤል» የሚሉት በሱ ስም ነው (ዘላለማዊ ስም ማትረፍ እንዲህም አለ)። ትእዛዙ የለቃሚዎቹን እንጀራ ነካ። ብዙዎቹ ከከተማው በር ውጭ ተገፉ፤ በሰሜን በኩል ሴንት ኡዋን ላይ ያረጀ ዕቃቸውን መሬት ላይ ዘርግተው መሸጥ ያዙ። ገበያው የቁንጫ ገበያ ተባለ፤ ከአሮጌው ፍራሽና ወንበር ጋር ቁንጫውም በነጻ ይመጣ ነበርና። ዛሬ እዚያ ቦታ ከዓለም ዙሪያ ሀብታም እየመጣ የተላላጠ ቁም ሳጥን በውድ ይገዛል።

እስቲ አሁን ይሄንን ታሪክ ወደ አማርኛ መልሱት። ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ማነው? («ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል።) የተሸከመውን ይዞ የሚሄደውስ ወዴት ነው? ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ! ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ምን አለሽ?» ይላል። በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ የሚሆንበት፣ ጎማ ተቆርጦ ጫማ የሚሆንበት፣ የጎደለ ብሎን ፈልጋችሁ የማታጡበት ቦታ። አዲስ አበባ የቁንጫ ገበያ አላት፤ የአትላስ ሰው አይሄድበትም እንጂ።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። በ2009 ዓ.ም. አያቷ ሲያርፉ ቤቱ ሲጸዳ የብረት አልጋቸው ወጣ። ጥቁር፣ ራስጌና ግርጌው ላይ ብረቱ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ፣ አራቱም ጫፍ ላይ የነሐስ ጉልላት ያለው (አንደኛው ጉልላት የጠፋ)፣ ሽቦው ሲተኙበት እንደ ክራር የሚጮህ። እናቷና አክስቶቿ የተወለዱት እዚያ አልጋ ላይ ነው። «ማን ይተኛበታል? ቦታ ያጣብባል» ተባለና ቆራሌ ተጠራ። 400 ብር ተሸጠ። ገንዘቧ ለተዝካሩ ከሰል መግዣ ሆነች። ድርድሩን ያደረገችው ጓደኛችን ናት፤ እንዲያውም ከ300 ወደ 400 ስላስጨመረች ጎበዝ ተብላ ነበር።

ዘንድሮ ፍሬንች ክፍል ማለት ምን እንደሆነ ስታጠና ፎቶውን አየችው። ሐረግ መሳይ የብረት አልጋ፣ የነሐስ ጉልላት፣ ነጭ አንሶላ። ስልኳን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ «የእማማ አልጋ!» አለች። እኛም ምናለሽ ተራ የወረድነው በዚህ ምክንያት ነው።

አልጋውን አላገኘነውም። ስምንት ዓመት ያለፈው ብረት ወይ ምድጃ ሆኗል ወይ አጥር። ሦስት ቅዳሜ ከተንከራተትን በኋላ የሚመስለውን አገኘን፤ ሁለት ጉልላት የጎደለው፣ እግሩ የዛገ። «ጋሼ፣ ስንት ነው?» ስንላቸው ሰውዬው ከራስ ጥፍራችን እስከ እግር ጥፍራችን አዩንና «9,000» አሉ። ተከራክረን 7,500 ላይ ተስማማን። ሰውዬው ሲጠቀልሉልን «እናንተ ስትሸጡ ብረት ነው፣ ስትገዙ ነው አልጋ የሚሆነው» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ያው ቀን አንድ ነገር ገባን። ይሄ ሁሉ ፍሬንች የሚባለው ዕቃ ቤታችን ነበር። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። እናቶቻችን ሳህንና ብርጭቆ የሚደረድሩበት ብፌ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ «ላ ጋር» ብለው የሰየሙት ጣቢያ ለገሀር ሆኖ ቀርቷል። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ዳንቴል ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሬዲዮኑ ላይ፣ ሶፋው ክንድ ላይ፣ አንዳንዴ ስልኩ ላይ ሁሉ የሚለብሰው ያ የእጅ ሥራ! ስንቱን ቀልድ አውርተንበታል? «የፋራ ቤት» ምልክት አድርገነው ከየቤቱ አባረርነው። ዳንቴል ማለት እኮ ፈረንሳዮች «ዶንቴል» የሚሉት ነው። የሮማንቲክ ፍሬንች መኝታ ቤት ያለሱ አይሆንም ተብሎ በመጽሔት የሚጻፍለት ነጭ የክር ሥራ እናቶቻችን በኪሮሽ ማታ ማታ ሲሠሩት የኖሩት ነው። አሁን በፋብሪካ የተሠራውን ከሱቅ እየገዛን ነው። ይሄንን ለእናቶቻችን እንዴት ብለን እንደምንነግራቸው እስካሁን አላወቅንም።

የእንጨቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። የድሮ ቁም ሳጥን ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ነው፣ አለዚያ ዝግባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው እያለቁ ስለነበር ነው። እና እኛ ምን እናደርጋለን? ዋንዛውን «አርጅቷል» ብለን በርካሽ እንሸጥና በኤምዲኤፍና በችፑድ የተሠራ፣ ከላይ ወርቅ የተቀባ ነገር በአሥር እጥፍ እንገዛለን። ችፑድ ውኃ ከነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ሁለት ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ ብሎኑ አይይዝም። ዋንዛው ግን ተፍቆ፣ ጎማላካ ተቀብቶ የልጅ ልጅ ያያል።

ስለዚህ የጓደኛችንን ክፍል እንዲህ አደረግነው። አልጋውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ዝገቱን አወጣን፣ አንቲሩጂኒ ቀባን፣ ከላይ የተቆረጠ ወተት የመሰለ ነጭ ቀለም። የጎደሉትን ጉልላቶች አልተካናቸውም፤ መጀመሪያ ስላጣን፣ በኋላ ስለወደድነው። መጋረጃው ሁለት ያረጀ ነጠላ ነው፤ ጥለቱ ከታች እንዲውል ተደርጎ ተሰፋ፣ የጠዋት ብርሃን ሲገባበት ያለውን ነገር በጽሑፍ መግለጽ አንችልም። አልጋ ልብሱ ቡልኮ ነው፤ የአትላስ የሐምሌ ብርድ ሮማንስ አያውቅም። የሲንጀር መኪና እግር ላይ ጣውላ ተደርጎበት የመኳኳያ ጠረጴዛ ሆነ። ከራስጌው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ተካፋች የእንጨት መስኮት አለ፤ የትም አይከፈትም፣ ዝም ብሎ ቆሟል። ፈራሽ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛነው። «ከፒያሳ ነው» አለን።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ፎቶ አነሳን፣ አዘንን፣ ተከራከርን። ያ መስኮት የማን ቤት መስኮት እንደነበር አናውቅም። ሰው ተደግፎበት መንገድ ያየበት መስኮት ነው። አሁን አትላስ ላይ ጌጥ ሆኗል። አንዳችን «ይሄ ነገር ትንሽ አይከብድም?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ተጨቃጨቅን። የሰው ቤት ሲፈርስ ስብርባሪውን ገዝቶ ሮማንቲክ መሆን ምን ማለት ነው? መልሳችን ሁለት ነበር። ማገዶ ከሚሆን ግድግዳ ላይ መዋሉ ይሻላል የሚለው አሸነፈ፤ ግን በጠባብ ድምፅ ነው ያሸነፈው፣ የተሸነፈው ወገን አሁንም አኩርፏል።

ሌላም ተቃውሞ ሰምተናል። «ይሄ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው፤ ድሃ አማራጭ አጥቶ የሚጠቀምበትን እናንተ ፋሽን አደረጋችሁት፤ ነገ ምናለሽ ተራም ይወደዳል» የሚል። እውነት አለው። ሴንት ኡዋን የሆነው ይሄው ነው፤ ለቃሚዎቹ የጀመሩትን ነጋዴዎች ወረሱት። እኛ ማድረግ የምንችለው ትንሽ ነገር ነው፤ ቢያንስ ከቆራሌው ጋር ስንደራደር አልጋን እንደ ብረት ከመመዘን፣ ከምናለሽ ተራው አናጢ ጋር ደግሞ «ዕቃው አሮጌ ስለሆነ እጅህም ርካሽ ነው» ከማለት መታቀብ። የእግሩን ብየዳና የሲንጀሩን ጣውላ የሠሩልን ሰው የጠየቁትን ከፍለናል። ሱቅ ውስጥ ለተሰቀለ ዋጋ ትንፍሽ ሳንል ከፍለን መርካቶ ስንደርስ የምንጀግንበት ነገር ማብቃት አለበት።

ለምትሞክሩት አንድ ምክር፦ አሮጌ እንጨት ገዝታችሁ ቀጥታ መኝታ ቤት አታስገቡ። ትኋን ከቁንጫ ይከፋል። ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ስንጥቁን ሁሉ በፈላ ውኃ እጠቡት፣ መድኃኒት አስረጩ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ድፈኑ። የድሮ ቀለም ስትፍቁ ደግሞ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆች አርቁ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።

ክፍሉ ሲያልቅ ጓደኛችን ልትቆልፈው ነበር። ምን ይሉታል ይሄንን በሽታ? «እንግዳ እስኪመጣ አቧራ እንዳይገባ» አለች። እናቷ ከደብረ ማርቆስ ለሕክምና ሊመጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር፤ እሳቸውን ሳሎን ሶፋው ላይ ልታስተኛ አስባ ነበር። «እማዬ እኮ ቤተሰብ ናት፣ እንግዳ አይደለችም» አለች። ጮህንባት። እውነቱን ለመናገር ግን የሁላችንም ቤት እንዲህ ነው። ምርጡ አልጋ ገና ላልመጣ፣ ምናልባትም ለማይመጣ ሰው ተነጥፎ ይኖራል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣች አክስት መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፍላታል።

እናትየው መጡ። ክፍሉ ሲከፈትላቸው በሩ ላይ ቆሙ። መስኮቱን አይተው «ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል ይሄ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ አልጋው ጋ ሄደው ብረቱን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ጎድሎ የነበረውን ጉልላት ቦታም ነኩት። «የእናቴን አልጋ ከየት አመጣሽው?» አሏት።

ጓደኛችን ወደ እኛ ዞራ አየች። ማናችንም አልተናገርንም። «ተኚ እማዬ፣ ደክሞሻል» አለቻቸው። ሌሊቱን ሽቦው ሲጮህ እስከ ሳሎኑ ድረስ ይሰማ ነበር።