«እኔ ምን አለኝና ይሰረቃል?»

በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስለ ስልክ ጥንቃቄ በተነሣ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንዱ «እኔ ምን አለኝና ይሰረቃል?» ማለቱ አይቀርም። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። የታክሲ እንኳ የሌለው ተማሪ ከሌባ ጋር ምን አገናኘው? እኔ ግን አባባሉ ትሕትና ሳይሆን ለሌላው አለማሰብ ነው ባይ ነኝ። ሌባው የእናንተን ገንዘብ አይደለም የሚፈልገው። ስማችሁን ነው የሚፈልገው፤ ስማችሁን አይተው በራቸውን የሚከፍቱትን ሰዎች ነው።

አሠራሩን እንይ። በቴሌግራም መልእክት ይመጣል፤ የሚመጣውም ከምታውቁት ሰው፣ ምናልባት ከመዘምራኑ ከአንዷ ነው። «ሰላም ነሽ እህቴ? የእህቴ ልጅ የሥዕል ውድድር ላይ ናት፤ በዚህ ሊንክ ገብተሽ ድምፅ ስጪልኝ።» ሊንኩ ስልክ ቁጥራችሁን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «የደረሳችሁን ኮድ አስገቡ» ይላል። ያ ኮድ የውድድሩ ሳይሆን የቴሌግራማችሁ መግቢያ ነው። ቴሌግራም ራሱ ኮዱን ሲልክ ለማንም እንዳትሰጡ አብሮ ያስጠነቅቃል፤ ማን ያነበዋል! ኮዱን አስገባችሁ ማለት ሌባው በሌላ ስልክ ላይ እናንተን ሆነ ማለት ነው። አንዳንዱማ ሊንክ አዘጋጅቶ እንኳ አይደክምም፤ «ኮድ በስሕተት ወደ አንቺ ሄዶብኛል፣ ላኪልኝ» ብሎ በቀጥታ ይለምናል።

የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የሚሠራው ነው። ተቀምጦ ያነባል። ለጸሎት የጻፋችሁትን ያነባል፤ ማንን ጋሼ፣ ማንን እትዬ እንደምትሉ፣ «ጌታ ይባርክህ» ስትሉ ስንት አጋኖ እንደምትደረድሩ ሳይቀር ያያል። ከዚያ በእናንተው አነጋገር ይጽፋል፤ «እትዬ፣ እናቴ በድንገት ታማ ሆስፒታል ገብታለች። 5,000 ብር ጎድሎን ነው፣ ሰኞ እመልሳለሁ። የእኔ ቴሌብር አልሠራ ስላለኝ በጓደኛዬ ቁጥር ላኪልኝ።» እትዬም እንጀራ ሸጣ ካጠራቀመችው ላይ ትልካለች። አሜሪካ ያለችው አክስትም ይኸው መልእክት ይደርሳታል፤ እርሷ ደግሞ በናፍቆት ላይ ስለሆነች ብዙም አትጠይቅም። እንግዲህ የተሰረቀው ማን ነው? «ምንም የለኝም» ያለው ወጣት አምስት ሳንቲም አልጎደለበትም። የተዘረፈችው ስለ እርሱ እናት የጨነቃት ሴት ናት።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያናድደኛል፤ መንፈሳዊ ልብስ ለብሶ ይመጣልና። «ጌታ ይጠብቀኛል» ይባላል። ማታ በሩን ቆልፎ የሚተኛ ሁሉ እምነት የጎደለው ነው እንዴ? ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ፣ ከእርሱ የመጣ በሚመስል ደብዳቤ ምእመናኑ እንዳይናወጡ ያስጠነቅቃል። በስሙ ሊጻፍ እንደሚችል አውቋል ማለት ነው። ታዲያ «ጌታ ያውቃል» ብሎ አልተወውም። በምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ሰላምታውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ የመልእክቶቹ ሁሉ ምልክት ይኸው መሆኑን ነገራቸው። እውነተኛው ከሐሰተኛው የሚለይበትን ማረጋገጫ ሰጣቸው። እምነቱ ከእኛ ያነሰ ስለነበር አይመስለኝም።

ሦስተኛውን ግን በአክብሮት ነው የምከራከረው፤ ከመልካም ልብ ስለሚወጣ። «ወንድሜ ቸግሮኛል እያለኝ ደውዬ ባጣራ ቅር ይለዋል፤ መጠርጠር ፍቅር አይደለም» የሚሉ አሉ። ኅብረታችን የቆመው በመተማመን ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ሌባውም ወደ እኛ የሚመጣው ለዚሁ ነው። ነገር ግን መልእክቱን መጠርጠር ሰውየውን መጠርጠር አይደለም። በቴሌግራም ሳይሆን በመደበኛው የስልክ መስመር ደውሉና ድምፁን ስሙ። እናቱ በእርግጥ ታማ ከሆነ መደወላችሁ ራሱ ያጽናናዋል። እናቱ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ብር ብቻ ተልኮለት አንድ ሰው እንኳ ያልደወለለት ወንድም ከእኛ ጋር ምን ዓይነት ኅብረት አለው? የተደወለላችሁም ሰዎች አትቀየሙ።

ደግሞ ይህ ሳቃችን! አንዱ ቴሌግራሙ ሲጠለፍ «አንተም ተሸወድክ?» እያልን እንቀልድበታለን። ስለዚህ የተጠለፈው አፍሮ ይደብቃል፤ በሦስተኛው ቀን «ሃክ ተደርጌ ነበር፣ ምንም እንዳትልኩ» ብሎ ሲጽፍ የላከው ልኳል። የሚያድነው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ወዲያው ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ዲቫይስስ የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁትን ስልክ አስወጡ። ከዚያ ደውሉ፤ መጀመሪያም ለእናቶችና ለአባቶች፣ ፈጥነው የሚልኩት እነርሱ ናቸውና። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን ወንጀል አድርጎታል፤ ለፖሊስ ማመልከትም ተገቢ ነው። የእትዬን ብር ግን አዋጁ በማግሥቱ አያመጣላትም።

ከመጠለፍ በፊት የሚደረገው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በዚያው ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከሥሩ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚል አለ። እዚያ የራሳችሁን የይለፍ ቃል ካበጃችሁ ኮዱ በሌባው እጅ ቢወድቅ እንኳ ብቻውን አያስገባውም። (የይለፍ ቃሉንም ለሊንኩ ከጻፋችሁለት እኔ ምን ልበል።) የመዘምራን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁላችሁም በአንድ ላይ አድርጉት፤ ስልክ የማይሆንለትን አጠገቡ ያለው ይርዳው።

አሁን ወደ እኛ ወደ አስተባባሪዎች ልምጣ፤ ወጣቱን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ለጉዞና ለጉባኤ ስንመዘግብ ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን፣ ሰፈር እንሰበስብና ዝርዝሩን «ስማችሁን አረጋግጡ» ብለን ብዙ መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ እንለጥፋለን። የፋይዳ ካርድና የፓስፖርት ፎቶ በዚያው ግሩፕ ላኩ የምንልም አለን። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የትውልድ ቀን በምን ይቀየራል? ሌባ ለሳምንታት ለፍቶ የሚሰበስበውን እኛ በሰንጠረዥ አሰናድተን እናቀርብለታለን። መታወቂያ የግድ ካስፈለገ አንድ ኃላፊ በአካል ይየው፤ ዝርዝሩም ጉዞው እንዳለቀ ይጥፋ።

የአብዛኞቻችንን ግሩፕ ወደ ላይ ብትገፉት የቆየ የምዝገባ ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ ታገኛላችሁ፤ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ ፒን ተደርጎ ነው ያለው። አድሚኖች፣ ከሚቀጥለው ማስታወቂያ በፊት እርሱን አጥፉልን።