ስምን መልአክ አያወጣውም

ባለፈው ክረምት አንድ ጽሑፍ ይዤ ወደ አንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ሄጄ ነበር። የጽሑፉ ጉዳይ ዘላይ ሸረሪት ነው። አዘጋጁ ርእሱን አየና መነጽሩን አውልቆ፣ «ስማ ወንድሜ፣ አገሩ ስለ እንጀራ ያወራል፤ አንተ ስለ ሸረሪት ስም ልታወራን ነው?» አለኝ። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ደግሞ ያዘነልኝ መስሎ፣ «ፈረንጆቹ ስማችንን ወሰዱብን ብለህ ጻፈውና እናወጣልሃለን» ሲል ጨመረ። ሁለቱም በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም መልስ ነው፤ ይልቁንም ለሁለተኛው።

አስቀድሜ ስለ እንስሳዋ ጥቂት ልበል። ሸረሪት ሲባል ከሁላችንም አፍ ቶሎ የሚመጣው አንበሳ የሚያስረው ድር ነው። ዘላይዋ ግን ከዚያ ተረት ውስጥ የለችበትም፤ ድር ዘርግታ ሲሳይዋን አትጠብቅም። በፀሐይ በሞቀ ግድግዳና በመስኮት መስተዋት ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል የምናያት፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ጠጉራም ፍጥረት ናት። ስምንት ዓይን አላት፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ተልቀው ይታያሉ። ዝንቧን ከሩቅ ታያለች፣ እንደ ድመት አድብታ ትጠጋለች፣ ክሯን ከቆመችበት ላይ ታጣብቅና ትዘላለች። ብትስት በክሯ ተንጠልጥላ ትተርፋለች። ጣታችሁን ብትቀስሩባት ዞራ ትመለከታችኋለች፤ ይህን የሚያደርግ ሌላ ትንሽ ነፍሳት እኔ አላየሁም። ሊቃውንቱ ቤተሰቡን ሳልቲሲዴ ይሉታል። ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ ሰፊው ይኸው ነው። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ6,000 በላይ ሲሆኑ የሚበዙትም በሞቃታማው የምድር ክፍል የሚኖሩ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ግን ሁሉም «ሸረሪት» ናቸው፤ አለቀ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገሬ ሰው። ለሰው ይሁን። በእኛ ዘንድ ስም የሚያወጣው ቤተ ዘመድ ነው፤ አያት አንድ፣ አባት አንድ፣ ቄሱም የክርስትናውን። ሙሽራ እንኳ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላት ነበር። ስም አውጪው ከተሰየመው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል፤ ጠባዩን ያውቃል፣ ሲታመም ያስታምማል። ለሸረሪት ስም የሚያወጣላት ግን መልአክም አማትም አይደለም። በአልኮል የተነከረች ሬሳ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር፣ ያየውን በጽሑፍ የሚያትም ሰው ነው። ሕጉም ግልጽ ነው፤ ቀድሞ ያተመ ይቀድማል። የሚገርመው፣ የእንስሳት ስም ሁሉ የሚቆጠረው ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ጀምሮ ሲሆን፣ ለሸረሪት ግን ልዩ ፈቃድ ተደርጎ የአገሩ ልጅ ካርል ክሌርክ በ1757 ያሳተመው የስዊድን ሸረሪቶች መጽሐፍ ይቀድማል። የሐሩሩ ዓለም ሸረሪቶች ሁሉ የሚዳኙበት መዝገብ የተከፈተው ስለ በረዶ አገር ሸረሪቶች በተጻፈ መጽሐፍ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በሁለት ምሳሌ ላሳይ። ናፖሊዮን በ1798 ግብጽን ሲወር ከመድፉ ጋር ሊቃውንትም አስከትሎ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሳቪኚ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ከግብጽ ሸረሪቶች ብዙዎቹን በሚያስደንቅ ጥራት በሥዕል አስቀረ፤ ነገር ግን የዓይኑ ብርሃን ደከመና ሥራውን ሳይፈጽም ቀረ። ለሥዕሎቹ መግለጫ የጻፈው ኦዱዌን የሚባል ወጣት ነው። በ1826 በወጣው መግለጫ ስም ካወጣላቸው መካከል ሁለቱ ዛሬ በሞቃታማው ዓለም በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚገኙ ዘላዮች ናቸው፤ ፕሌክሲፐስ ፓይኩሊ እና ሃሳሪየስ አዳንሶኒ። ፓይኩል የስዊድን የነፍሳት ሊቅ ነው፤ አዳንሶን ደግሞ በሴኔጋል የሠራ ፈረንሳዊ። ከካይሮ ግድግዳ ጋር ምን አገናኛቸው? ምንም። ይባስ ብሎ፣ እነዚህ ሁለቱ ሸረሪቶች በየመርከቡ ጭነት ተሳፍረው ከወደብ ወደብ ሲዞሩ፣ በየአገሩ ያገኛቸው ሊቅ እንግዳ ዝርያ መስለውት ሌላ ሌላ ስም አወጣላቸው። ወንዱና ሴቷ መልካቸው ስለሚለያይም እንደ ሁለት ዝርያ ተቆጥረው የተመዘገቡ ዘላዮች ጥቂት አይደሉም። ያን ሁሉ የተደራረበ ስም ለመለየትና ለመሰረዝ ብዙ ዕድሜ አልቋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ያስቃል። ጆርጅና ኤልሳቤጥ ፔክሃም የተባሉ የሚልዋኪ ከተማ ባልና ሚስት በ1896 ከመካከለኛው አሜሪካ ለመጣ አንድ ዘላይ ሸረሪት ባጊራ ኪፕሊንጊ የሚል ስም አወጡለት። ባጊራ በኪፕሊንግ የጫካ ተረት ውስጥ ያለው ጥቁር ግሥላ ነው፤ አዳኝ፣ ሥጋ በል። ሸረሪት ሁሉ ሥጋ በል ስለሆነ ስሙ የሚስማማ ይመስላል። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2009፣ ሜክሲኮና ኮስታሪካ ውስጥ እንስሳውን በሕይወቱ ሳለ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያዩትን ጻፉ። ግሥላው ሣር በል ሆኖ ተገኘ! በግራር ዛፍ ላይ ይኖራል፤ ዛፉ ለጠባቂዎቹ ለጉንዳኖች በቅጠሉ ጫፍ ላይ የሚያበቅለውን ምግብ፣ ጉንዳኖቹን እየሸሸ ይሰርቃል። አልፎ አልፎ የጉንዳኖቹን እጭ ይበላል እንጂ ዋና ቀለቡ ተክል ነው። ባልና ሚስቱ አዋቂዎች ነበሩ፤ ስንፍና አልነበረባቸውም። የነበራቸው ግን ሬሳው ብቻ ነው። ሬሳ ምን እንደሚበላ አይናገርም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በተባለው ቦታ ሰፍረው ነበር። መሪያቸው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ወፍና ነፍሳት ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው ሞተ። ፒዬትሮ ፓቬሲ የተባለው ሊቅ ከሸዋ የመጡትን ሸረሪቶች መርምሮ በ1883 በጄኖቫው ቤተ መዘክር ዓመታዊ መጽሔት አሳተመ። ኋላም በወረራው ዘመን ካፖሪያኮ የተባለው ጣልያናዊ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ከሳጋን ኦሞ የተሰበሰቡትን በ1940 እና በ1941 አወጣ። በ2008 ደግሞ ፖላንዳዊቷ ዋንዳ ቬሶዎፍስካ ከባልደረባዋ ጋር ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች አንድ ሙሉ ጥናት አሳተመች፤ አዳዲስ ዝርያዎችም ሰየመችበት። ለአፍሪካ ዘላዮች የዚህችን ሴት ያህል የደከመ ሰው ጥቂት ነው።

የጋዜጠኛው ወዳጄ ክስ እዚህ ላይ ይመጣል፤ «ስማችንን ወሰዱብን»። የቱን ስም? አባቶቻችን ለላም ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ቦቃ፣ ለፈረስ ዳማ፣ ቦራ እያሉ ቀለሙን ከነጥቦቱ ለይተው ጠርተዋል። ለሸረሪት ያወጡት አንድ ስም ነው፤ እሱንም ማንም አልነካብንም። ሰው የሚያበላውን ነገር ለይቶ ይጠራልና ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ሌላ ነው። አንድ ዝርያ ሲሰየም ስሙን የምትሸከም አንዲት ሬሳ ተለይታ ትቀመጣለች፤ ከእንግዲህ በስሙ ላይ ክርክር ቢነሣ ዳኛዋ እርሷ ናት። የሸዋን ሸረሪት ላጥና የሚል የአንኮበር ልጅ ዳኛዋን ለማየት ባሕር መሻገር አለበት። ከመቶ አርባ ዓመት በኋላም እንዲሁ ነው። ስሙ በላቲን መሆኑ አያስቆጨኝም፤ በአማርኛም ቢሆን ሬሳዋ ጄኖቫ፣ ዕውቀቱ ቭሮትስላቭ ከሆነ ምን ጠቀመኝ? ደግሞስ ፓቬሲን ከምንወቅስ፣ ከፓቬሲ ወዲህ ስንት ሰው በዚህ ሙያ አሠለጠንን ብለን ብንጠይቅ አይሻልም?

«ታዲያ ለእንጀራው ምን ይጠቅማል?» ላለው አዘጋጅ ደግሞ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር መልስ አለኝ። በኬንያና በኡጋንዳ ሐይቁ ዙሪያ የምትኖር አንዲት ዘላይ ሸረሪት አለች። ከምንም ምግብ አስበልጣ የምትመርጠው ደም የጠጣችውን ትንኝ ነው። የወባን ትንኝ ከሌላው ትንኝ በአቀማመጧ የምትለይ፣ በሰው ደም የምትኖር ግን ሰውን የማትነካ ፍጥረት ናት። ቬሶዎፍስካና ጃክሰን በ2003 ኢቫርቻ ኩሊሲቮራ፣ ማለትም ትንኝ በላዋ፣ ብለው ሰየሟት። እዚህ ላይ ስሙ ከጠባይዋ ተነሥቶ ወጣ። ለምን? ሰዎቹ ከፔክሃሞች ስለበለጡ አይደለም። ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 የመሠረተው የነፍሳት ጥናት ማእከል በሐይቁ ዳር በምቢታ ጣቢያ ስለነበረውና ሸረሪቷን በሕይወቷ፣ በቤቷ ሳለች ማየት ስለተቻለ ነው። ወባን ታጠፋለች አልልም፤ ማንም አላለም። ከመሰሎቿ ተለይታ ስም ባይወጣላት ግን ስለ እርሷ የተጻፈው ሁሉ የየትኛዋ ሸረሪት እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ወባ በየዓመቱ ልጆቻችንን በሚጨርስበት አገር ተቀምጦ ይህን ቅንጦት የሚል ሰው እስቲ ይንገረኝ፣ በእኛ ሐይቆች ዳር ምን ዓይነት ዘላይ እንዳለ በምን አወቀ?

በስም አውጪዎቹ መካከል ያለውን ጠብ ሳልነካ ባልፍ ደግሞ ደስ አይለኝም። ፖላንዳዊው ዬዢ ፕሩሺንስኪ ዕድሜውን ሙሉ የዘላይ ሸረሪቶችን የመራቢያ አካል ሥዕል ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነበር፤ ዝርያ ከዝርያ የሚለየው በዋናነት በዚያ ነውና። በ2016 ጉንዳን መሳዮቹን ዘላዮች በየመልካቸው ከፋፍሎ አዳዲስ ወገኖች አቆመ፤ በ2017 ደግሞ የዓለምን ዘላዮች ሁሉ «ለሥራ በሚመች» መንገድ መደብኩ አለ። በ2019 ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ሊቃውንት በአንድነት ሆነው፣ ምደባ እንዲህ አይደረግም ሲሉ ጠንከር ያለ ትችት አወጡበት፤ ሥዕል ከሥዕል አመሳስሎ መደርደር ዝምድናን አያሳይም አሉ። በፍርዱ እስማማለሁ። ለሽማግሌው ግን አዝናለሁ። እርሱ የፈለገው ሬሳው እጁ የማይገባ ተማሪ፣ ሥዕል ብቻ ይዞ እንዲሠራ ነበር። ያ ተማሪ ማን ነው? እኛ ነን። ችግሩን በትክክል አየ፤ መድኃኒቱን ሳተ። በሥዕል ብቻ የሚሠራ ሰው የኦዱዌን ዕጣ ይደርሰዋል።

የተሻለ መንገድ የሄዱ አሉ። ሚያዝያ 2022 የዓለም የሸረሪቶች መዝገብ 50,000ኛውን ዝርያ ጻፈ፤ የደቡብ ብራዚል ዘላይ ሸረሪት ነበረች። ብራዚላውያኑ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ጉሪዩሪየስ ሚኑዋኖ አሏት፤ በዚያ ምድር ይኖሩ በነበሩት በሚኑዋኔ ሕዝብ ስም። ብራዚል ይህን ያገኘችው ስለጮኸች አይደለም። ሜሎ ሌይታውን ከመሳሰሉት ሊቃውንቷ ዘመን ጀምራ ለመቶ ዓመት ያህል የራሷን ሰዎች ስላሠለጠነች ነው።

«ብራዚል እኮ አቃጠለችው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። የሳኦ ፓውሎው የቡታንታን ተቋም ስብስብ በ2010፣ የሪዮው ብሔራዊ ቤተ መዘክር በ2018 ነደዱ፤ ብዙ ሸረሪትም አብሮ ነደደ። «እናንተ ዘንድ አይቆይም፤ እኛው እንጠብቅላችሁ» የሚሉት አውሮጳውያን የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። የሚላኖው ቤተ መዘክር በ1943 በቦምብ ሲነድስ አፍሪካ ውስጥ ነበር እንዴ? እሳት ፓስፖርት አይጠይቅም። ከእሳት የሚያድነው ናሙናውን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ስም ተሸካሚዋ አንዲት ብትሆንም አብረዋት የተያዙት ብዙ ናቸው። ከኢትዮጵያ የሚሰየም ዝርያ ካለ፣ ተሸካሚዋ እዚህ ትቅር፤ ያ ባይሆን አብረዋት የተያዙት በአራት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ቤተ መዘክር ይቀመጡ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘረ መል ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በሩን ዘግቷል፤ መልካም ነው። በር የሚዘጋ አዋጅ ግን ጠርሙሱን ከፍቶ የሚያይ ዓይን አይሰጥም። ለአንድ ስብሰባ አበል ከሚወጣው ገንዘብ ተቀንሶ አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ ይህን ሙያ እንዲማር ቭሮትስላቭ ወይም ሳኦ ፓውሎ ይላክ።

ለእኔስ ብትሉኝ፣ ጽሑፌ ተመልሶልኝ ወደ ቤቴ በገባሁ ማግስት ከመስኮቴ ላይ አንዲቱን ያዝኩ። በመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ በአልኮል አስቀምጫታለሁ። በወረቀቱ ላይ በእርሳስ፣ ቀለም በአልኮል ይለቃልና፣ «አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ የቤት መስኮት» ብዬ ቀኑንና የያዥውን ስም ጽፌአለሁ። የእሷ ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ማንን እንደምጠይቅ ሳፈላልግ ይኸው ስድስተኛ ወሬ ነው።